ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሴቶች መካንነት ከየት ይመጣል?

በዚህ ጽሑፍ ስለ መካንነት እንማማራለን። «እንዴ! እኛ ገና ተማሪዎች ነን፤ ስለ መውለድና አለመውለድ ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው። አንዲት ሴት በ28 ዓመቷ፣ ትዳር ይዛ፣ ልጅ ናፍቃ ሐኪም ዘንድ ሄዳ «የማህፀን ቱቦሽ ተዘግቷል» ስትባል፣ ጉዳቱ የደረሰባት በ17 ወይም በ18 ዓመቷ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ እሷም ላታውቅ፣ ምንም ላያማት ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የትልልቆች ብቻ አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንም በቀጥታ ይመለከታል።

በአገራችን ያልወለደች ሴት የሚደርስባትን ሁላችንም እናውቃለን። በሰርግና በክርስትና ቤት ትታማለች። ጎረቤት «እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላታል። አንዳንዱ ባል ራሱን ሳያስመረምር ሌላ ያገባል። እሷም ምክንያቱን ሳታውቅ «ምን በድዬ ነው?» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። መካንነት ግን እርግማን አይደለም። የሚታወቁ ምክንያቶች አሉት፤ ከእነዚህም ውስጥ አንዱና ዋነኛው እኛ ወጣቶች ልንከላከለው የምንችል ነው።

መካንነት ማለት ምን ማለት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ጥንዶች የእርግዝና መከላከያ ሳይጠቀሙ ለ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ በመደበኛነት ግንኙነት እያደረጉ እርግዝና ካልተፈጠረ መካንነት ይባላል። ስለዚህ በሁለትና በሦስት ወር ስላላረገዘች ብቻ አንዲት ሴት «መካን» አትባልም። ደግሞ አንድ ጊዜ የወለደች ሴትም ከዚያ በኋላ ለማርገዝ ልትቸገር ትችላለች። የመጀመሪያ ልጅ መኖሩ ለሁለተኛው ዋስትና አይደለም።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ6 አዋቂ ሰዎች አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ይገጥመዋል። «አዋቂ ሰዎች» የሚለውን ልብ በሉ። ሴቶች ብቻ አልተባለም። ልጅ ካጡ ጥንዶች እስከ ግማሽ በሚደርሱት ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። ስለዚህ ምርመራ የሚጀመረው ከሁለቱም ነው። የዛሬው ትምህርታችን ግን በሴቶች በኩል ባሉት ምክንያቶች ላይ ያተኩራል።

እርግዝና እንዲፈጠር ምን ምን መሟላት አለበት?

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የተማራችሁትን እስቲ እናስታውስ።

1. ከማህፀን ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት የእንቁላል ማመንጫዎች ከአንደኛው በየወሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ይወጣል።
2. እንቁላሉ ወደ ማህፀን ቱቦ ይገባል። ቱቦው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውስጡ ግን በጣም ጠባብ ነው።
3. እንቁላሉ በሕይወት የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ሁለቱ የሚገናኙት እዚያው ቱቦው ውስጥ ነው።
4. የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፀጉሮች አሉት። እነዚህ ፀጉሮች እየተወዛወዙ የተፀነሰውን ሽል በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ማህፀን ይገፉታል።
5. ሽሉ ማህፀን ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ያድጋል።

ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ከተሰናከለ እርግዝና ላይፈጠር ይችላል። አሁን የተለመዱትን መሰናክሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

የተለመዱት መንስኤዎች

ሀ. እንቁላል በወቅቱ አለመውጣት፦ የሆርሞን መዛባት ሲኖር እንቁላል አልፎ አልፎ ብቻ ይወጣል ወይም ጭራሽ አይወጣም። ከዚህ ዓይነቱ ችግር በጣም የተለመደው የእንቁላል ማመንጫዎቹ ብዙ ትናንሽ የውኃ ከረጢት የመሰሉ ነገሮች የሚታዩባቸው የሆርሞን ሕመም ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት አለባቸው። የወር አበባ ለወራት መቅረት፣ ፊት ላይ ፀጉር መብዛትና የማይለቅ ብጉር ምልክቶቹ ናቸው። የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ ከመጠን በላይ መክሳት ወይም መወፈርም እንቁላል እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ችግር በአብዛኛው በሕክምና ይረዳል።

ለ. የማህፀን ቱቦ መዘጋት ወይም መጎዳት፦ ይህን በሰፊው እናየዋለን።

ሐ. የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ መብቀል፦ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷ ገደማ ይህ ችግር አለባት። ዋናው ምልክቱ በወር አበባ ጊዜ የሚመጣ ከባድ ሕመም ነው። «የሴት ልጅ ዕጣ ነው፤ ቻይው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ሕመም ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

መ. የማህፀን ችግሮች፦ በተለምዶ ማዮማ የሚባለው የማህፀን ዕጢ እንደ ቦታውና እንደ መጠኑ ሽሉ እንዳይጣበቅ ሊከለክል ይችላል። ከውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ በማህፀን ውስጥ የሚቀር ጠባሳም እንዲሁ። ብዙ ማዮማ ያለባቸው ሴቶች ግን በሰላም ይወልዳሉ።

ሠ. ዕድሜ፦ ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች፤ አዲስ አትሠራም። ቁጥራቸውም ጥራታቸውም ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ በተለይ ከ35 ዓመት በኋላ ቅነሳው ይፈጥናል።

ረ. የማህፀን አካባቢ ቲቢ፦ የቲቢ በሽታ ሳንባን ብቻ አያጠቃም። በደም ወደ ማህፀን ቱቦ ሄዶ ሊያጠቃውና ሊዘጋው ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ በምርመራ ምክንያቱ ያልተገኘለት መካንነትም አለ።

ጀርም ቱቦን እንዴት ይዘጋል?

ከላይ ከዘረዘርናቸው ውስጥ ወጣቱ በራሱ እጅ ሊከላከለው የሚችለው በዋናነት «ለ» ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አህጉራት ባካሄደው ጥናት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች መካንነት አጋጥሟቸው ለሕክምና ከመጡት 100 ሴቶች ከ80 በላይ በሚሆኑት ላይ የተገኘው ችግር ከኢንፌክሽን ጋር የተያያዘ ነበር። በሌላው ዓለም ይህ ቁጥር በጣም ያነሰ ነበር። እንግዲህ የአፍሪካ ሴት ከሌላዋ ተለይታ የተፈጠረች አይደለችም። ልዩነቱ በጊዜው ያልታከመ ኢንፌክሽን ነው።

ኢንፌክሽኑ ከየት ይመጣል? በዋናነት ከሁለት የአባላዘር በሽታዎች፦ ከጨብጥና ከክላሚዲያ። ጀርሙ መጀመሪያ የማህፀን በር ላይ ያርፋል። ካልታከመ ወደ ማህፀን፣ ከዚያም ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል። ቱቦው ይቆጣል፤ ያብጣል። ቁጣው ሲበርድ ጠባሳ ይተዋል። ቁስል የዳነበት ቆዳ ጠንክሮና ተጨማድዶ እንደሚቀር ሁሉ የቱቦው ውስጥም እንደዚያው ይሆናል። ረቂቆቹ ፀጉሮች ይረግፋሉ፤ ግድግዳና ግድግዳው ይጣበቃል። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ እንቁላሉና የወንዱ ዘር አይገናኙም። በከፊል ከተዘጋ ደግሞ የተፀነሰው ሽል መንገድ ላይ ይቀርና እዚያው ቱቦው ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ይህ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ይባላል፤ ቱቦው ከፈነዳ ሴቷን በደም መፍሰስ ሊገድላት ይችላል።

አንድ ጊዜ መታመምና ደጋግሞ መታመም እኩል አይደሉም። የስዊድኑ ሐኪም ላርስ ዌስትሮም እና ባልደረቦቹ በሉንድ ከተማ የታከሙ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1992 ውጤቱን አሳትመዋል። ይህ የቱቦ ኢንፌክሽን አንድ ጊዜ ከያዛቸው 100 ሴቶች 8ቱ፣ ሁለት ጊዜ ከያዛቸው 20 ገደማ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከያዛቸው ደግሞ 40ዎቹ በቱቦ ምክንያት መውለድ አልቻሉም። እነዚህ ሴቶች ሕክምና ያገኙ ነበሩ። ሕክምና ሳይገኝ ሲቀር ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሩበት። መድኃኒት ጀርሙን ይገድላል፤ ጠባሳውን ግን አያጠፋም። ለዚህ ነው ጊዜ ወሳኝ የሆነው።

እሱ ዳነ፣ እሷስ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ክላሚዲያ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አያዩም። ጨብጥም በብዙ ሴቶች ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። በወንዶች ላይ ግን ጨብጥ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል፦ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላል፣ መግል የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል።

እንበልና አንድ ወጣት እንዲህ አመመው። አፈረ፤ ለማንም ሳይናገር ሹልክ ብሎ ሄዶ ታከመ፤ በሳምንቱ ዳነ። ለፍቅረኛው ግን ምንም አልነገራትም። «ብነግራት ትጣላኛለች፤ ደግሞ እሷ ደህና ናት፣ ምንም አላመማትም» ብሎ ዝም አለ። እሷ ግን ደህና አይደለችም። ጀርሙ ውስጧ አለ፤ ቀስ እያለ ወደ ቱቦዋ እየወጣ ነው። ከዚያ ደግሞ ሲገናኙ መልሳ ታስይዘዋለች። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው አግብታ ልጅ ስታጣ «መካን» የምትባለው እሷ ናት። ያ ዝም ያለው ልጅ በስም አይነሳም።

አንድ ዓረፍተ ነገር፣ «እኔ ታምሜ ታክሜያለሁ፤ አንቺም ሄደሽ ታከሚ» የምትል፣ ይህን ሁሉ ልታስቀር ትችል ነበር። ወንዶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። መናገር ውርደት አይደለም፤ ወንድነት ነው። ሴቶችም እንዲሁ፦ ሕመሙ ከእናንተ ከጀመረ ለጓደኛችሁ ንገሩ። በአፍ መናገር ካስቸገረ የጤና ባለሙያው ለጓደኛ የሚሰጥ የመጥሪያ ወረቀት እንዲጽፍላችሁ ወይም እንዲያግዛችሁ ጠይቁ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በአባላዘር በሽታ ላይ ሲሆን ግን በሽታውን የደበቀ ለሌላውም መድኃኒት ያሳጣዋል።

ከኤች አይ ቪ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መንገዳቸው አንድ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያን የሚያመጣው ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ኤች አይ ቪንም ያመጣል። በዚያ ላይ የአባላዘር በሽታ የብልትን ስስ ሽፋን ስለሚያቆስልና ስለሚያስቆጣ ቫይረሱ በቀላሉ እንዲገባ በር ይከፍትለታል። ስለዚህ የአባላዘር በሽታ ምልክት ያየ ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራም ማድረግ አለበት።

ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወጣቶችም «እኛ መውለድ አበቃልን» ብለው ተስፋ መቁረጥ የለባቸውም። መድኃኒቱን በትክክል የምትወስድ፣ በክትትል ላይ ያለች እናት ቫይረሱን ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከ100 ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል። ያለ ሕክምና ግን ከ15 እስከ 45 ሊደርስ ይችላል።

ጥንቃቄ የጎደለው ውርጃ

ቱቦንና ማህፀንን የሚጎዳው ሌላው ነገር ንጽሕና በሌለው ቦታና ባልሠለጠነ ሰው እጅ የሚደረግ ውርጃ ነው። ባዕድ ነገር ወደ ማህፀን ሲገባ ጀርም ይዞ ይገባል። ብዙ ልጃገረዶች ወላጅ እንዳይሰማ ብለው ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ የተረፉትም የመውለድ ተስፋቸውን ያጡ አሉ።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲጥል፣ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ ወይም እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አልያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች በሕክምና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል። ስለዚህ ችግር የገጠማት ልጅ መጀመሪያ መሄድ ያለባት ወደ ጤና ተቋም ነው። ውርጃ ተደርጎ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ብዙ ደም ከታየ ደግሞ ለደቂቃም መቆየት አያስፈልግም።

የተደፈረች ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ልትጀምር ትችላለች፤ የአባላዘር በሽታና የእርግዝና መከላከያም ታገኛለች። ጥፋቱ የደፋሪው ነው፤ የእሷ አይደለም።

ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

- ከእንብርት በታች የሚሰማና የማይለቅ ሕመም
- ቀለሙ ወይም ሽታው የተለወጠ የብልት ፈሳሽ
- ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል
- በግንኙነት ጊዜ ሕመም ወይም ደም መታየት
- ከወር አበባ ጊዜ ውጭ ደም መፍሰስ
- በብልት ላይ ቁስል፣ በብሽሽት እብጠት
- የወር አበባ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ መቅረት (የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ገደማ መዛባቱ ግን የተለመደ ነው)

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የታዘዘላችሁን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ውሰዱ። «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ፣ ከጓደኛ የተረፈ እንክብል ተውሶ መዋጥ በሽታውን ያደፋፍናል እንጂ አያድንም። ሁለታችሁም ታክማችሁ እስክትጨርሱ ከግንኙነት ተቆጠቡ። ግንኙነት የጀመረ ሰው ደግሞ ምልክት ባይኖረውም ባለሙያ ማማከሩ ይጠቅመዋል።

እውነት ወይስ ሐሰት?

«የእርግዝና መከላከያ መካን ያደርጋል።» ሐሰት። እንክብሉም ሆነ በክንድ የሚቀበረው መውለድን ለዘለቄታው አያስቀሩም። የሦስት ወሩን መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ ወራት ሊፈጅባት ይችላል፤ ይህ መዘግየት እንጂ መካንነት አይደለም።

«ኮንዶም የሚጠቅመው ለኤች አይ ቪ ብቻ ነው።» ሐሰት። በትክክልና ሁልጊዜ ከተጠቀሙበት ጨብጥንና ክላሚዲያንም በእጅጉ ይከላከላል። በዚህም ቱቦን ይጠብቃል።

«ከግንኙነት በኋላ መታጠብ በሽታን ይከላከላል።» ሐሰት። እንዲያውም ብልትን ወደ ውስጥ በሳሙናና በኬሚካል ማጠብ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋል።

«የወር አበባዋ በየወሩ የሚመጣ ሴት መካን ልትሆን አትችልም።» ሐሰት። ቱቦዋ የተዘጋ ሴት የወር አበባዋ ሳይዛባ ሊመጣ ይችላል።

«ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት መውሰድ የለበትም።» ሐሰት። እምነትና ሕክምና አይጣሉም። እየጸለዩ፣ እየተጠመቁ፣ ዱዓ እያደረጉ መድኃኒቱንም መውሰድ ይቻላል።

ችግሩ ከደረሰ በኋላስ?

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። እንቁላል የማይወጣላት ሴት በመድኃኒት ልትረዳ ትችላለች። ማዮማ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። ቱቦ ሲዘጋ ግን ነገሩ ይከብዳል። እንግሊዛዊቷ ሌስሊ ብራውን ቱቦዎቿ ተዘግተው ለዓመታት ልጅ አጥታ ነበር። ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ እና ነርሷ ጂን ፐርዲ እንቁላሏን አውጥተው በላቦራቶሪ ከባሏ ዘር ጋር አዋሃዱት፤ ሽሉንም ወደ ማህፀኗ መለሱት። ልጇ ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1978 ተወለደች። በዓለም የመጀመሪያዋ ከአካል ውጭ የተፀነሰች ሕፃን እሷ ናት። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ከፍቷል።

ይሁን እንጂ ሕክምናው ወጪው ከባድ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁልጊዜም አይሳካም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቱቦው መጀመሪያውኑ እንዳይጎዳ ማድረግ ይቀላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ግንኙነት ያልጀመራችሁ፣ ጊዜው እስኪደርስ መታቀብ አስተማማኙ መንገድ ነው። በጓደኛ ግፊት አትቸኩሉ። የጀመራችሁ ደግሞ አንድ ለአንድ ተወሰኑ፣ ተመርመሩ፣ ኮንዶም በትክክልና ሁልጊዜ ተጠቀሙ። ምልክት ስታዩ አትደብቁ። ከታከማችሁ ለጓደኛችሁ ንገሩ። ልጅ ያጣች ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለቻችሁም ሐሜቱን አታራግቡ፤ «ሁለታችሁም ተመርመሩ» ብሎ የሚመክር ሰው ሁኑ።

ለክበባት የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ወጣት ታክሞ ለፍቅረኛው እንዳይናገር የሚያደርገው ምንድን ነው? በክበባችሁ ሁለት ሆናችሁ እንዴት እንደሚነግራት በጭውውት አሳዩ።
2. የወንድ ድርሻ እያለ በአካባቢያችሁ ልጅ ሲጠፋ ሴቷ ብቻ የምትወቀሰው ለምንድን ነው?
3. መድኃኒት ጀርሙን ገድሎ ጠባሳውን ግን የማያጠፋው ለምን እንደሆነ በራሳችሁ አባባል ለታናሾቻችሁ አስረዱ።
4. በአካባቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወጣቶችን የሚያስተናግደው በየትኛው ቀንና ሰዓት ነው? ጠይቃችሁ በሚኒ ሚዲያ አስታውቁ።